በር ሲንኳኳ ማዘዣውን እንጠይቅ



ሰሞኑን ከሶላት በኋላ ደጋግመን የምንሰማው ጥያቄ አንድ ነው፦ «ቤቴ መሣሪያ አለ፤ ፈቃድም አለኝ። ሌሊት መጥተው ቢያንኳኩ ምን ላድርግ?» ጠያቂው አንዳንዴ የደሴ ነጋዴ ነው፣ አንዳንዴ ኮምቦልቻ ገበያ የወረደ ገበሬ። ጥያቄው ግን የሁላችንም ነው። ክላሽ የሌለውም ሰው በር አለው፤ ከበሩ ጀርባም ቤተሰብ አለው።

በወሎ መሣሪያ አዲስ ነገር አይደለም። አባቶቻችን ምንሽር ግድግዳ ላይ ሰቅለው ኖረዋል። በ2014 ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲገባ ብዙ ሰው ቤቱን የሚጠብቅለት እንደሌለ በዓይኑ አየ። በዚያው ዓመት ሚያዝያ በጎንደር ሙስሊሞች ላይ የደረሰው ጥቃት ስጋቱን አባባሰው። ስለዚህ መሣሪያ የያዘን ሁሉ ወንጀለኛ ማድረግ አይገባም። የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012ም ፈቃድ አውጡ አለ እንጂ ማንም አይያዝ አላለም።

በሐምሌ 2015 መጨረሻ በክልላችን የታወጀው የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ ቤት መበርበርን ፈቅዶ ነበር። በጥር 2016 ለአራት ወር ተራዘመ፤ በግንቦት ጊዜው አበቃ። ልማዱ ግን አብሮ ያበቃ አይመስልም። ፈታሹ ማዘዣ መያዙን ትቷል፤ ተፈታሹም መጠየቁን ረስቷል። እኛን የሚያሳስበን ይህ ነው።

ሕጉ የሚለው ግልጽ ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 26 ማንም ሰው ቤቱና ንብረቱ ያለ ሕግ እንዳይበረበር ይጠብቀዋል። የ1954ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ በአንቀጽ 32 እና 33 ዝርዝሩን አስቀምጧል። ፖሊስ የብርበራ ማዘዣ መያዝ አለበት። ማዘዣው የሚፈለገውን ዕቃ ይገልጻል፤ ከዚያ ውጭ መውሰድ አይቻልም። ፍርድ ቤቱ ለይቶ ካላዘዘ በቀር ብርበራው ከንጋቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 12 ሰዓት ባለው ጊዜ ብቻ ይካሄዳል። የተያዘው ዕቃ ይመዘገባል፤ ሲቻልም ገለልተኛ ሰው ይፈርምበታል። ያለ ማዘዣ መግባት የሚቻልበት ሁኔታም አለ፤ ለምሳሌ ተጠርጣሪ እየተባረረ ቤት ሲገባ፣ ወይም ከሦስት ዓመት በላይ በሚያስቀጣ ወንጀል ማስረጃው እስከ ማዘዣው ድረስ ይሸሻል ተብሎ በበቂ ምክንያት ሲታመን። ልዩ ሁኔታው ግን ደንብ ሊሆን አይገባም።

ፈቃድ የሌለውን ወንድማችንን አንሸነግለውም። መሣሪያውን በሕግ መስመር ያስገባ። ሆኖም የጥፋተኛም በር በር ነው። ኸሊፋው ዑመር (ረ.ዐ) ሌሊት ሲዞሩ ከአንድ ቤት ድምፅ ሰምተው በአጥር ዘለው እንደገቡ፣ ሰውየውንም ከመጠጥ ጋር እንዳገኙት ዑለሞቻችን ይነግሩናል። ሰውየው፣ እኔ በአንድ ባጠፋ አንቱ በሦስት አጥፍተዋል አላቸው፤ ሰልለዋል፣ በበሩ አልገቡም፣ ሳያስፈቅዱና ሰላም ሳይሉ ገብተዋል። ሦስቱንም ቁርኣን ይከለክላል። ሰውየው በእርግጥ አጥፍቶ ነበር። ሆኖም ዑመር ሐቁን ተቀብለው ትተውት ወጡ። ኸሊፋ የተቀበለውን ሐቅ የዛሬ ሹም ቢቀበል ክብሩ አይቀነስም።

እንግዲህ ምን እናድርግ? መሣሪያ ማንሳት፣ መሳደብ፣ መሸሽ የለም። በ2004 አወሊያ ላይ የጀመረው እንቅስቃሴያችን ያስተማረን ሰላማዊነት በጁምዓ አደባባይ ብቻ ሳይሆን በገዛ በራችንም ላይ ይሠራል። ማዘዣውን በትሕትና እንጠይቅ፤ አንብበን ቀኑንና የፍርድ ቤቱን ማኅተም እንይ። ማዘዣ ካሳዩ በር አንዝጋ፤ ሕጉ ተመጣጣኝ ኃይል እንዲጠቀሙ ይፈቅድላቸዋል። ከሌላቸው «አልፈቀድኩም» ብለን በጎረቤት ፊት እንናገር፤ በእጃችን ግን አንከልክል። ጎረቤት፣ ሙስሊምም ይሁን ክርስቲያን፣ ይጠራ። የወሎ ጉርብትና ለእንዲህ ያለው ቀን ነው። የተወሰደው ሁሉ ይጻፍ፤ ያላነበብነው ላይ አንፈርም። የፈቃዱ ቅጂ ሌላ ቤት ይቀመጥ። ሰው ከተያዘ በአንቀጽ 19 መሠረት ዝም የማለት መብት አለው፤ በ48 ሰዓት ውስጥም ፍርድ ቤት መቅረብ ይገባዋል። ቤተሰብ ሰዓቱን ይቁጠር።

አላህ በቁርኣን ረጅሙን አንቀጽ ያወረደው ዕዳን ስለመጻፍና ምስክር ስለማቆም ነው። ለብር ይህን ያህል ጥንቃቄ ከታዘዝን፣ ለቤታችንና ለልጆቻችን እንዴት እንሰንፋለን?

የመስጂድ ኮሚቴዎቻችን ከጀማዓው መካከል ሕግ የተማሩትን ለይተው፣ ችግር ሲመጣ የሚጠሩበትን ስልክ ለምእመኑ ያሳውቁ። ለመንግሥት አካላትም የምንለው አጭር ነው፦ በቀን ኑ፣ በበሩ ግቡ፣ ማዘዣችሁን አሳዩ፣ የወሰዳችሁትን በደረሰኝ ውሰዱ። ይህን የጠየቀ ሕግ አልጣሰም፤ ሕጉን አስታወሰ እንጂ።

አላህ አገራችንን ሰላም ያድርግልን። አሚን።