የፕሮፌሰር መስፍንን መጻሕፍት ከየት እንጀምር?

በዚህ ወር የመጻሕፍት አምዳችን ከቦንጋና ከአካባቢዋ ወጣቶች ለሚነሳ አንድ ጥያቄ መልስ ለመስጠት እንሞክራለን። ጥያቄው «የፕሮፌሰር መስፍን ወልደ ማርያም መጻሕፍት ብዙ ናቸው፤ የትኛውን እናስቀድም?» የሚል ነው።

ፕሮፌሰር መስፍን በ1922 በአዲስ አበባ ተወልደው በመስከረም 2013 ከዚህ ዓለም ተለይተዋል። የጂኦግራፊ ምሁር ነበሩ። በ1984 የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ጉባኤን (ኢሰመጉ) ከመሠረቱት ዋነኛው ናቸው። ከ1997ቱ ምርጫ በኋላም ከተቃዋሚ መሪዎች ጋር ታስረው በ1999 ተፈትተዋል። ሙስሊም አልነበሩም፤ መጻሕፍታቸውም የዲን መጻሕፍት አይደሉም። ነገር ግን ጠቃሚ ዕውቀትን ከየትም ቢገኝ መርምሮ መያዝን ከዑለማዎቻችን ተምረናል።

አብዛኛው ወጣት በ2005 ከወጣው «መክሸፍ እንደ ኢትዮጵያ ታሪክ» ይጀምራል። መጽሐፉ ስመ ጥር የታሪክ ምሁራንን ስለሚተች ብዙ አከራክሯል፤ ስሙም ይስባል። እኛ ግን ከዚያ መጀመርን አንመክርም። ከመጨረሻው የጀመረ ሰው የደራሲውን ቁጣ ይወርሳል እንጂ ቁጣው ከምን እንደመጣ አያውቅም። የምንመክረው በረሃብ ላይ ከጻፉት እንዲጀመር ነው።

እ.ኤ.አ. በ1984 በእንግሊዝኛ የታተመው የረሃብ ጥናታቸው ከ1958 እስከ 1977 (እ.ኤ.አ.) ያሉትን ሃያ ዓመታት ይመረምራል። ትግራይንና ወሎን ከመቱት ረሃቦች አንዳንዶቹ በዚህ ዘመን ውስጥ ናቸው። የጥናቱ ፍሬ ነገር ዝናብ መቅረቱ ብቻውን ሕዝብ አይፈጅም የሚል ነው። ገበሬው ያመረተው ከእጁ እየተወሰደ፣ ጎተራው ባዶ ሆኖ፣ አቤት የሚልበትም አጥቶ አስቀድሞ ለረሃብ ተጋልጦ ይቆያል፤ ድርቁ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

የቦንጋ ወጣት «እኛ ዘንድ ዝናብ አይጠፋም፤ እንሰትና ቡናም አለን፤ ይህ የሰሜኑ ጉዳይ ነው» ይል ይሆናል። ጥያቄው ግን የዝናብ አይደለም። በጊምቦም ሆነ በዴቻ ቡናውን ለቅሞ፣ አድርቆ ገበያ የሚያወጣ አባት ዋጋውን ሌላ ሰው ወስኖ ይነግረዋል። የላቡን ዋጋ ራሱ የማይወስን ሰው የመጽሐፉን ቁም ነገር ለመረዳት አይቸገርም።

ለእኛ ለሙስሊሞች ደግሞ ጉዳዩ ከዚህም ይጠልቃል። ረሃብ ሲመጣ «ቀደር ነው» ብሎ እጅን አጣጥፎ መቀመጥ በመካከላችን አለ። በቀደር ማመን የኢማን ማዕዘን መሆኑ አያጠያይቅም። ዳሩ ግን በ18ኛው ዓመተ ሂጅራ፣ በረማዳ ዓመት፣ ኸሊፋው ዑመር ኢብኑል ኸጧብ (ረ.ዐ.) ምን አደረጉ? ሕዝቡ እስኪጠግብ ድረስ ቅቤ አልቀምስም አሉ፤ ከሻም እህል አስመጡ፤ በዚያ የችግር ዓመት በሌባ ላይ የሚፈጸመውን ቅጣትም አቆዩ። በቀደር ከማንም በላይ የሚያምኑት ዑመር ለረሃቡ ተጠያቂነት ከራሳቸው ላይ አላወረዱም። ይህን ታሪክ የሚያውቅ አንባቢ የፕሮፌሰሩ ጥያቄ እንግዳ አይሆንበትም።

ከረሃቡ ጥናት ቀጥሎ ወደ «መክሸፍ እንደ ኢትዮጵያ ታሪክ» ይታለፍ። ሲያነቡ ግን ብዕር ይዞ ነው። መጽሐፉ በአብዛኛው የሚያተኩረው በማዕከላዊው መንግሥት ታሪክ ላይ ነው። የካፋ ንጉሣዊ አገዛዝ እስከ ንጉሥ ጋኪ ሸረቾ መማረክ ድረስ የራሱ ታሪክ ነበረው፤ የአገራችን ሙስሊሞችም እንዲሁ። ታሪካችን በዚህ ሚዛን ሲመዘን ምን ይመስላል? ብሎ መጠየቅ የአንባቢው ድርሻ ነው። ደራሲው የታሪክ ጸሐፊዎችን ተችተዋል፤ እሳቸውም ሊተቹ ይገባል።

በሦስተኛ ደረጃ በ2007 የወጣው «አዳፍኔ፤ ፍርሃትና መክሸፍ» ይነበብ። በረሃብ የጀመረው የደራሲው ምርምር እዚህ ፍርሃት ላይ ይደርሳል። የሱረቱ ቁረይሽን መልእክት የሚያስተውል ሰው ይህ መንገድ አይደንቀውም፤ አላህ (ሱ.ወ.) ለቁረይሾች የዋለላቸውን ጸጋ ሲያስታውስ ከረሃብ መዳንንና ከፍርሃት መዳንን ጎን ለጎን አስቀምጧልና። የተራበ ሰው ይፈራል፤ የሚፈራም ሰው የተወሰደበትን አይጠይቅም።

ወላጆችም በዚህ ንባብ ድርሻ አላችሁ። የረሃቡ ጥናት በእንግሊዝኛ ስለሆነ በቦንጋ ዩኒቨርሲቲም ሆነ በሌላ ቦታ የሚማር ልጅ ካላችሁ አንድ ምዕራፍ አንብቦ ከዒሻ በኋላ በአማርኛ ወይም በካፍኛ ያስረዳችሁ። እናንተም ያያችሁትን የችግር ዘመን ንገሩት። ልጁ ከመጽሐፉ፣ እናንተ ከኑሮ የምታውቁት ሲገናኝ ንባቡ ለቤቱ ሁሉ ይተርፋል።

አላህ (ሱ.ወ.) ከረሃብም ከፍርሃትም ይጠብቀን። ወላሁ አዕለም።