ኪኒኑ ተለቀቀ፤ ደዋዩ ግን ተሰናበተ

ዶናልድ ትራምፕ ሥልጣን በያዙበት ዕለት፣ በ2017 ዓ.ም. ቃና ዘገሊላ፣ የውጭ ዕርዳታን ለ90 ቀን ካገዱ ወዲህ የሆነውን አንባቢ ያውቀዋል። ብዙም ሳይቆይ ሕይወት አድን ዕርዳታ ከእገዳው ውጭ ነው ተባለ፤ የፀረ ኤችአይቪ መድኃኒትም በዚያው በኩል አለፈ። በዚያው ሰሞን ግን የኢትዮጵያ ጤና ሚኒስቴር በአሜሪካ ገንዘብ ለኤችአይቪና ለወባ ሥራ በኮንትራት የተቀጠሩ 5,000 ያህል ሠራተኞችን ውል አቋረጠ። እዚህ በዴንቨር ዙሪያ ከሌክውድ እስከ ኦሮራ፣ በኮልፋክስ ጎዳና ግራና ቀኝ፣ ቡና በተጠጣበት ሁሉ የሰማነው ማጽናኛ አንድ ነበር፦ ኪኒኑ እኮ አልቆመም። ያናደደን ይኸው ማጽናኛ ነው።

ኪኒን ብቻውን ሰው አያኖርም። መድኃኒቱ በኢትዮጵያ በነጻ መሰጠት ከጀመረበት ከ1997 ዓ.ም. ወዲህ ከጎንደር እስከ ጅማ በየሆስፒታሉ የታካሚ መዝገብ እየተገለጠ ብዙ ተጠንቷል፤ የሚገኘውም ውጤት እርስ በርሱ ይመሳሰላል። ሞት የሚበዛው መድኃኒት በተጀመረ በመጀመሪያዎቹ ወራት ነው። የሚሞተውም ዘግይቶ የመጣው፣ የመከላከያ ሕዋሱ (ሲዲ ፎሩ) የወረደው፣ ቲቢ የያዘው፣ ደሙ ያነሰው፣ ከስቶ በሰው ትከሻ ተደግፎ የገባው ነው። ከእነዚህ አንዱንም ኪኒኑ ለይቶ አያውቅም። የሚያስለውን ለይቶ አክታ የሚያስመረምር፣ ሚዛን ላይ የሚያቆም፣ ባልና ልጆችንም ኑ ተመርመሩ የሚል ሰው ያስፈልጋል።

እነዚያን ወራት ያለፈውን ደግሞ የሚገድለው መጥፋት ነው። ጎረቤት እንዳያያት ብላ ሁለት ከተማ አልፋ መድኃኒት የምትወስድ እናት አስቡ። ከግቢው እንደወጣች የብልቃጡን ወረቀት ትልጣለች፤ ኪኒኖቹ ቦርሳዋ ውስጥ እንዳይንኳኩ ጥጥ ትጠቀጥቅባቸዋለች፤ አከራይዋ ከጠየቀቻት የጨጓራ ነው ትላለች። አንድ ወር የመሳፈሪያ አጣች፣ ወይም መንገድ ተዘጋ (በአማራ ክልል የመንገድ መዘጋት በ2017 ዓ.ም. ወሬም አልነበረም)፣ ቀጠሮዋም አለፈ። የክሊኒኩ ሠራተኛ ማታ መዝገቡን ሲያመሳክር ስሟ ላይ ምልክት የለም። ስልክ ያነሳል። በሽታውን በስሙ አይጠራም። «እኅቴ፣ ዛሬ ስንጠብቅሽ ቀረሽ፤ ደኅና ነሽ?» ይላታል፤ ይገባታል። ፀበል ገብታ መድኃኒቱን አቁማ እንደሆነም በዘዴ ይጠይቃታል። ሁለቱ እንደማይጣሉ ፓትርያርክ የነበሩት አቡነ ጳውሎስ ራሳቸው ተናግረው ነበር፤ ይህን ለእሷ የሚያስታውሳት ግን ያ ደዋይ ነው። ጠፋ ተብሎ የተጻፈ ታካሚ ሲፈለግ ሞቶ መገኘቱ ለሙያው ሰዎች እንግዳ ነገር አይደለም። እንግዲህ የተሰናበተው እንዲህ ያለውን ሥራ የሚሠራ ሰው ነው።

ሚኒስቴሩን ለመውቀስ አንቸኩልም። ገንዘቡ የሌላ ነው፤ ባለቤቱ አቁሙ ሲል ብዙ ምርጫ አልነበረውም ይሆናል። ሆኖም ውሉ ሲቋረጥ ከነገ ጀምሮ ማን እንደሚደውል አብሮ መነገር ነበረበት። ከ600 ሺህ በላይ ሰው ቫይረሱን ይዞ በሚኖርበት አገር ይህን የመሰለ ሥራ በኮንትራት ሠራተኛ ላይ መንጠልጠሉ ራሱ ሌላ ርዕሰ አንቀጽ ይወጣዋል፤ ለዛሬ ይቆየን።

ዋሽንግተን ግን አላወቅኩም ማለት አትችልም። እ.ኤ.አ. የ1990ው የራያን ዋይት ሕግ ለአሜሪካ የኤችአይቪ ታካሚዎች መድኃኒት ብቻ አይደለም የሚከፍለው፤ ለሚከታተላቸው ኬዝ ማናጀርም፣ ወደ ሐኪም ለሚያደርሳቸው መጓጓዣም ይከፍላል። እ.ኤ.አ. በ1983 እዚሁ ዴንቨር ላይ የኤድስ ሕሙማን ራሳቸው ተሰብስበው «ተጠቂ» አትበሉን፣ በጉዳያችን ሲወሰን እኛም እንኑርበት ሲሉ ያወጡት ሰነድ እስከ ዛሬ በዚህች ከተማ ስም ይጠራል። አገሪቱ ሰው በኪኒን ብቻ እንደማይድን ከተማረች ሰንብታለች። ለኮልፋክስ ነዋሪ የሕክምናው አካል የሆነው ክትትል ለደሴ ነዋሪ ሲሆን ትርፍ ወጪ የሚሆነው በየትኛው ሒሳብ ነው?

ስለዚህ በዚህ ግብር የምንከፍል ሁሉ ስልካችንን እናንሳ። የሌክውድ ሰዎች የኮንግረስ ወኪላችሁ ብሪታኒ ፔተርሰን ናቸው፤ የኦሮራ ጄሰን ክሮው፤ የዴንቨር ዳያና ዲጌት። ስትደውሉ ስለ መድኃኒቱ አትጠይቁ፤ የዚያ መልስ ተዘጋጅቶ ይጠብቃችኋል። ስለ ሠራተኞቹ ጠይቁ። አገር ቤት ስትደውሉም ቀጠሮሽ መቼ ነው ማለት የምትችሉላት ዘመድ ካለቻችሁ አትፈሩ፤ በሉ። 90ው ቀን የሞላው በ2017 ዓ.ም. የፋሲካ ዕለት ነበር። በጥር የሦስት ወር መድኃኒት የወሰደች ሴት ብልቃጧ ያለቀውም በዚያው ሰሞን ነበር።