ሞተሩ ነው የተሰበረው ወይስ ጓደኝነታችሁ?

«እናንተ ዘንድ የሚመጣው የፍቅር ጥያቄ ብቻ ነው» የምትሉ ወዳጆች የዛሬውን ስሙ! ጥያቄው የመጣው ከወረታ ነው። ጠያቂው ወጣት ከልጅነት ጓደኛው ጋር ዕቁብ ጥለው ያገለገለ የጀልባ ሞተር ገዝተዋል። በፎገራ በኩል፣ በናበጋ ዳርቻ ዓሣ ያጠምዳሉ፤ ክረምት ላይ ሜዳው በውሃ ሲዋጥ ደግሞ ሰው ያሻግራሉ። እንዲህ ይላል፦

«ማርሹ እየዘለለ ስላስቸገረን አዲስ ጥርስ ገዝቼ አስገጠምኩ። ሦስት ሳምንት ሳይሞላው ተሰበረ! ጓደኛዬ አንድ ማታ ብቻውን ይዞት ወጥቶ ነበር። ከመሬት አጋጭቶት ነው እንጂ አዲስ ጥርስ እንዴት ይሰበራል? እሱ ግን ይምላል፣ ይገዘታል። እኔ የመረጥኩት ሜካኒክ ርካሽ ነው፣ በግማሽ ቀን ጨረሰልኝ። የተረፉትን ስስ ቀለበቶች እንኳ በወረቀት ጠቅልሎ መልሶልኛል። ድርሻዬን ይዤ ብለየው ምን ይመስላችኋል?»

ወንድሜ፣ መልሱ እዚያች ወረቀት ውስጥ ሳይሆን አይቀርም!

እስቲ ላስረዳህ። ከሞተሩ ወደ ታች የሚወርደው ዘንግ ጫፉ ላይ አንዲት ትንሽ ባለጥርስ ማርሽ አለችው። እሷ ውሃው ውስጥ ካሉት ሁለት ትልልቅ ማርሾች ጋር ትያያዛለች፤ አንዱ ወደ ፊት፣ አንዱ ወደ ኋላ ለመሄድ ነው። የመኪና ዲፈረንሻል አይተህ ከሆነ ነገሩ ተመሳሳይ ነው። ማርሾቹ የሚገናኙበት ርቀት ልክ መሆን አለበት። ያን ልክ የሚጠብቁት እነዚያ ስስ ቀለበቶች ናቸው፤ ሜካኒኮች «ሺም» ይሏቸዋል። ውፍረታቸው የሚለካው በሚሊ ሜትር መቶኛ ነው። 0.1 ሚሊ ሜትር የአንድ ደብተር ወረቀት ውፍረት ያህል ማለት ነው።

«ይቺ ምን ታመጣለች?» ትል ይሆናል። ጥርሶቹ በጣም ከተጠባበቁ ይግላሉ፣ ይበላሉ። በጣም ከተራራቁ ደግሞ በጫፋቸው ብቻ እየተነካኩ ነዳጅ ስትሰጠው ይሸረፋሉ። አዲስ ጥርስ ወይም አዲስ ኩሽኔታ በገባ ቁጥር ልኩ እንደገና መታየት አለበት። የድሮውን ቀለበት መመለስ እንኳ ሁልጊዜ አይበቃም። አውጥቶ ማስቀረትማ… አይ ግማሽ ቀን!

ታዲያ ጓደኛህ ነጻ ነው? እሱንም ጥርሱ ይመስክር። የተሰበረውን በጨርቅ ጥረገውና እየው። ብዙዎቹ ጥርሶች አንድ ጠርዛቸው ላይ ብቻ ተፍቀው ካበሩ፣ ጥፋቱ የአገጣጠም ወደመሆኑ ያደላል። ሌላው ሁሉ ደህና ሆኖ አንዱ ብቻ ድንገት ከተነቀለና የፕሮፔለሩም ክንፍ ከተቆለመመ ግን መጋጨትን ያስጠረጥራል። ጣና እጅግ ጠለቀ ቢባል 14 ሜትር ገደማ ነው። በእናንተ በኩል ደግሞ ርብና ጉማራ ደለላቸውን ስለሚያፈሱ ዳርቻው ጭቃ ነውና መጋጨት እንግዳ ነገር አይደለም።

አሁን ደግሞ ሁለታችሁም የረሳችሁት ነገር አለ። የመጀመሪያው ጥርስ ለምን ተበላሸ? በጣና ዓሣ ማስገር ሞተር ጀልባና የናይሎን መረብ አብረው የገቡት እ.ኤ.አ. በ1986 ነው፤ እስከ ዛሬም እንደተጣሉ ናቸው! የመረብ ክር ከፕሮፔለሩ ጀርባ ይጠመጠምና ዘይት የሚይዘውን ጎማ ይቆርጠዋል። ውሃ ይገባል፣ ኩሽኔታው ይዝጋል፣ ማርሹ ከቦታው ይላወሳል። ዘይቱ ሲፈስ ወተት መስሎ ከነበረ ምክንያቱ ይኸው ነው።

ስለዚህ እንዲህ አድርግ፦

1. ጥርሱን ብቻ ሳይሆን ጎማውንና የዛገውን ኩሽኔታ አብረህ ቀይር።
2. ሜካኒኩን «በምን ትለካለህ?» ብለህ ጠይቅ። መለኪያና የሞተሩን መመሪያ ካላሳየህ ባሕር ዳር 60 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፣ ውሰደው።
3. ከመዘጋቱ በፊት ዘንጉን በእጅህ አዙረው። የትም ሳይነክስ መዞር አለበት።
4. የማርሽ ዘይቱ ከታች ባለው ቀዳዳ ይሞላ፣ ከላይ እስኪወጣ ድረስ። ጥቂት ሰዓት ከሠራ በኋላ አፍስሰህ እየው፤ የሚያብረቀርቅ ስብርባሪ ካለ አቁም።
5. እምቦጭም ሆነ ክር ከተጠመጠመበት ሞተሩን አጥፍተህ፣ ፕሮፔለሩን ፈትተህ አጽዳ። መቅዘፊያም ከጀልባው አይጥፋ፤ ነፋስ ሲነሳ ማርሽ ከከዳህ የምትተማመነው በእሱ ነው።

ወደ ጓደኝነቱ ልመለስ። ሜካኒኩን የመረጥከው አንተ፣ የተወቀሰው ግን እሱ ነው። ይሄ ፍትሕ ነው? ዛሬውኑ ቀለበቶቹንና የተሰበረውን ጥርስ ይዘህ ሂድና አብራችሁ እዩት። ጥፋቱ የአገጣጠም ከሆነ «ይቅርታ» በለው፤ አያሳንስህም። የጥገናውን ወጪ ተካፈሉ። ከዚያ ወዲያ አንድ ደብተር ግዙ፦ ማን ይዞት ወጣ፣ ስንት ሰዓት ሠራ፣ ዘይት መቼ ተቀየረ። ደብተር ያለበት ቤት መሐላ አይበዛም።

አባቶች «አሥር ጊዜ ለክተህ አንድ ጊዜ ቁረጥ» ያሉት ለልብስ ሰፊ ብቻ አይደለም። ለሞተርም፣ ለጓደኛም ይሠራል።