ስሕተቱ የቱ ጋ ነው?

በኢንተርኔት የሚሞላ ቅጽ አንዲት ቦታ ብትሳሳት «ስሕተት አለ» ብሎ ዝም ሲል ምን ይባላል? የቱ ጋ እንደሆነ ፈልጉ ነው! ይባስ ብሎ የሞላነውን ሁሉ ደምስሶ ከ«ሀ» የሚያስጀምርም አለ። በኢንተርኔት ቤት በደቂቃ ለሚከፍል አመልካች ይህ ኪሳራ ነው፤ የምዝገባው ቀን ካለፈማ ዕድሉም አመለጠው።

በ2008 እ.ኤ.አ. የወጣው የድረ ገጽ ተደራሽነት መመሪያ ሁለተኛ እትም የተሳሳተው ቦታ እንዲለይ፣ ስሕተቱም በጽሑፍ እንዲገለጽ ይጠይቃል። በቀይ መክበብ ብቻውን ለዓይነ ስውር አይጠቅምምና። ጠቋሚውን መልሰው እዚያው ቦታ ላይ ቢያሳርፉለት ግን ስክሪን አንባቢው ያነብለታል።

እኛ የመምህርነት ሠልጣኞች ደብተር ስናርም «ኤክስ» ብቻ ጭረን አንመልስም፤ ተማሪው የሳተበትን መስመር እናሳየዋለን፣ ትክክሉን አናጠፋበትም። ቅጽ ሠሪዎችም እንዲሁ ያድርጉ እንላለን።