የቆጡን አወርድ ብላ…

እኔ የምለው… የመኪና ሞላ በግራይንደር ቆርጦ ማሳጠርን «ሞዲፋይ» ብሎ ያስተማረን ማነው? አግኙልኝና አንድ ስኒ የይርጋ ጨፌ ቡና ልጋብዘው። ከዚያ አንዲት ጥያቄ ብቻ አለችኝ፤ «ወንድሜ፣ የቆረጥከውን በምን ልትቀጥለው ነው?»

ጥያቄዋ ዝም ብላ አልመጣችብኝም። አንድ የዲላ ወዳጃችን የአባቱን ኮሮላ ይዞ ጋራዥ ገባና አራቱንም ሞላ አስቆርጦ ወጣ። አባቱ ያቺን መኪና የገዟት በስንት ዓመት የቡና ገንዘብ ነው! ልጁ ግን ደስ አለው። መኪናዋ አስፋልቱን ልትስም ደርሳለች። ፎቶ ተነሳን፤ እኔም አጨበጨብኩ (ኃጢአቴን አልደብቅም)። ሳምንት ሳይሞላ፣ አንድ ማታ፣ ምጥ የያዛትን የአክስቱን ልጅ ከወናጎ በላይ ካለ ቀበሌ ወደ ዲላ እንዲያመጣ ተደወለለት። ጭኗት ሲመለስ በቀዩ አፈር መንገድ ላይ፣ ጎማ በቦረቦራቸው ሁለት ቦዮች መሀል የቆመው ጉብታ የሞተሩን ኮፓ ሰነጠቀው። ዘይቱ ፈሰሰ። ልጅቷ በባጃጅ ደረሰች፣ በሰላምም ተገላገለች፤ ተመስገን። ኮሮላዋ እዚያው አደረች። አባትየው በማግስቱ ያሉት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች።»

አሁን «ዝቅ ያለ መኪና የዱርዬ ነው» የምትሉ ጋሼዎች እንዳታጨበጭቡልኝ! እኔ ከእናንተ ጋር አይደለሁም። ማማር ወንጀል አይደለም። በልክ ዝቅ ያለች መኪና ክብደቷ ወደ መሬት ስለሚቀርብ ኩርባ ላይ ብዙ አትዘምም፤ ይሄ ፊዚክስ እንጂ ዱርዬነት አይደለም። ደግሞስ እናንተ በሞላው ቀለበቶች መሀል ጎማ እየሸጎጣችሁ ቪትዝ ከፍ ስታደርጉ ማን ምን አላችሁ?

ጠቤ ከመቁረጥ ጋር ነው። ሞላ ሲያጥር አሞርዛተሩ አብሮት አያጥርም። መሥራት ያለበት መሀሉ ላይ ሆኖ ሳለ ወደ ታች ተጨቁኖ ይውላል፤ ትንሽ ጉድጓድ ባገኘ ቁጥር መጨረሻው ላይ ካለው ላስቲክ ጋር ይላተማል። ጎማው ጉድጓድ ውስጥ ሲንጠለጠል ደግሞ ያጠረው ሞላ ላልቶ ከመቀመጫው ሊወጣ ይችላል። በእሳት አሙቆ ማስረገጡ ከዚህም ይብሳል፤ ብረቱ የመለጠጥ ጉልበቱን ያጣል። ይህ ሁሉ ቁጠባ መሆኑ ነው!

«ታዲያ ምን እናድርግ?» ካላችሁ፣ ወይ ተዉት፣ ወይ የሚስተካከለውን ግዙ። ኮይሎቨር የሚባለው አሞርዛተሩ እንደ ቡሎን ጥርስ የወጣለት፣ ሞላውም በላዩ የሚቀመጥበት ዕቃ ነው። ቀለበቱን በቁልፍ ስታዞሩት መኪናዋ ትወርዳለች፤ መልሳችሁ ስታዞሩት ትወጣለች። ልብ በሉልኝ፣ ገንዘባችሁን የምትከፍሉት ለመውረዷ አይደለም። ለመውረዱማ ግራይንደር መች አነሰው? የምትከፍሉት ለመውጣቷ ነው።

እሱም ቢሆን ተመርጦ ነው። አንደኛ፣ ቁመቱ ከታችኛው እግሩ የሚስተካከለውን ምረጡ። በሞላው መቀመጫ ብቻ የሚወርደው፣ በወረደ ቁጥር ከአሞርዛተሩ መንቀሳቀሻ ላይ ይበላል። ሁለተኛ፣ «የውድድር ነው» ብሎ ጠንካራ ሞላ የሚሸጥላችሁን ሸሹ። የውድድር ሜዳ እንደ መስታወት ለስላሳ ነው፤ እኛ ኮብልስቶንና ኮረት ላይ ነው የምንውለው፤ ጎማው ይነጥራል እንጂ መሬት አይዝም። ሦስተኛ፣ ሂሳብ ሥሩ። የመኪናችሁ ሆድ ከመሬት 15 ሴንቲ ሜትር ይርቃል እንበል። 5 ብታወርዱ 10 ቀረ። አራት ሰውና ሻንጣ 3 ቢጫናት 7 ነው። በ7 ሴንቲ ሜትር የትኛውን የፍጥነት መቀነሻ ጉብታ ነው የምትሻገሩት? ሁለት፣ ቢበዛ ሦስት ሴንቲ ሜትር ይበቃል። ባወረዳችሁ ወይም ባወጣችሁ ቁጥር ደግሞ ዊል አላይመንት አሠሩ፤ አለበለዚያ አዲሱ ጎማ በአንድ ጎኑ ተበልቶ ያልቃል። ጥርሱንም ከጭቃ አጽዱ። ቀይ አፈር ደርቆ ዝገት ከያዘው «የሚስተካከል» የሚለው ስሙ ብቻ ይቀራል።

አገራችንን ደግሞ እናውቃታለን። በዲላ የሚያልፈው የሞያሌ መንገድ የከባድ መኪና፣ የባጃጅና የከብት የጋራ ሀብት ነው። ከአስፋልቱ እንደወጣችሁ፣ ወደ ቡና መፈልፈያዎቹም ሆነ ወደ ቱቱ ፈላ ትክል ድንጋዮች ስትወጡ፣ ዳገትና ቀይ አፈር ነው። የጌዴኦ መልክዓ ምድር በመስከረም 2016 ዓ.ም በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል፤ እንግዳ ይመጣል። ኮፓውን ታቅፎ መንገድ ዳር የቆመ ኮሮላ ይቀበለው?

አንድ የመጨረሻ ነገር። ከ2016 ዓ.ም ጀምሮ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከልክሏል። ስለዚህ ያቺ የምትቆርጧት አሮጌ ኮሮላ ተተኪዋ በቀላሉ አይገኝም። «እኔማ ኤሌክትሪክ ነው የያዝኩት» የምትሉም አትኩሩ፤ የእናንተ ባትሪ የተኛው ወለሉ ሥር ነው። ኮፓ ቢሰነጠቅ በዘይት ታመልጣላችሁ፤ ባትሪ ሲመታ ግን ጣጣው ሌላ ነው።

ዝቅ በሉ፣ ግዴለም። ግን ማታ ስልክ ሲጮህና የሆነ ቀበሌ የሆነች ሴት ስትጠብቃችሁ ከፍ ማለት የምትችሉ ሁኑ።

ቸር እንሰንብት!