«ዛሬ» የምትለዋ ቃል
ከሰፈራችን የታክሲ ማዞሪያ አጠገብ ጉሊት የሚቸረችሩ እናት አሉ። ባለፈው ሰኞ ከሰዓት ዝናቡ ድንገት ሲወርድ፣ ከመደባቸው ሥር አጥፈው ያስቀመጡትን ላስቲክ ስበው ቲማቲሙን አለበሱት። «ገበያ እንዴት ነው እማማ?» አልኳቸው። «ዛሬ ቀዝቅዟል ልጄ።» ጎናቸው የተቀመጠው ካልሲ ሻጭ ጎረምሳ ቀበል አድርጎ፣ «እዚህ አገር ደግሞ ምን ሥራ አለ!» አለ። የመታቸው ዝናብ አንድ ነው። ያቺ «ዛሬ» የምትል ቃል ግን ቤቴ ድረስ ተከተለችኝ። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ሊቅ ማርቲን ሴሊግማን ሰው ክፉ ሲገጥመው ምክንያቱን ለራሱ እንዴት እንደሚያስረዳ ሲያጠና ኖሯል፤ ተስፈኛው ጉዳቱን ጊዜያዊና በአንድ ነገር የተወሰነ አድርጎ ያየዋል፣ ጨለምተኛው ግን የማያልፍና ሁሉን የሚያዳርስ ያደርገዋል። ይህ ልማድ በልምምድ እንደሚለወጥም በ1990 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ ተከራክሯል። እኔ እንኳ «ፈገግ በሉ፣ ሁሉም መልካም ይሆናል» የሚሉ አሠልጣኞች ያሰለቹኛል። ጎረምሳውንም አልወቅሰውም፤ የቤት ኪራዩን እኔ አልከፍልለት! የእማማን ተስፋ ያመንኩት ላስቲኩን ስላየሁ ነው። አጥፈው ያስቀመጡት ዝናብ አይመጣም ብለው አልነበረም፤ ሲያባራ ገዢ አይጠፋም ብለው እንጂ። ሲያባራም ላስቲኩን አራግፈው መልሰው አጠፉት። ካልሲ ሻጩ ዕቃውን ሰብስቦ ሄዷል። ግማሽ ኪሎ ቲማቲም ገዛሁ፤ አንዲት መረቁልኝ።