ለቅሶን የማይከለክል ደስታ
በዳባት ወረዳ፣ ጭና ተክለ ሃይማኖት ላይ ከነሐሴ 25 እስከ 29 ቀን 2013 ዓ.ም. የትግራይ ኃይሎች ገበሬዎችን በየቤታቸውና በየደጃቸው ገደሉ። ሂዩማን ራይትስ ዎች 26 ሰላማዊ ሰዎች መረሸናቸውን መዝግቧል፤ የአገሬው ሰው የሚቆጥረው ግን ከዚያ እጅግ ይበልጣል። እንቁጣጣሽ የገባው በሳምንቱ ነበር። እንዲህ ባለው ቤት ገብቶ «አታልቅሱ፣ ክርስቲያን ደስ ሊለው ይገባል» ማለት ጭካኔ ነው እላለሁ። ጌታ ራሱ በአልዓዛር መቃብር አልቅሷል፣ ያውም ሊያስነሣው እንደሆነ እያወቀ! ቅዱስ ጳውሎስም ለፊልጵስዩስ ሰዎች ስለ ደስታ የጻፈው ታስሮ ሳለ ነው፤ እስራቱን ግን አልሸሸገም። ሥርዓታችንም ቢሆን ይህንኑ ያስተምረናል፦ በሰሙነ ሕማማት መሳሳም ቀርቶ፣ በስግደት ጉልበት ዝሎ ይሰነበታል፤ ከበሮው የሚመታው ከዚያ በኋላ፣ በትንሣኤ ሌሊት ነው። ሕማማቱን ዘሎ ፋሲካ የደረሰ የለም። ለሐዘንተኛ ደስታን የሚያቀርብለት ስብከት ብቻ አይመስለኝም። ጎረቤት ደቦ ወጥቶ የሟቹን ገብስ ሲያጭድለት፣ በበዓል ቀን እናቲቱ ብቻዋን እንዳትውል ጠላውንና እንጀራውን ይዞ ሲሄድ፣ በዚያ ቤት ዳግመኛ ሳቅ ይሰማል፤ ያ ሳቅም ከእግዚአብሔር ነው። አባቷን ያጣች ልጅ ደባርቅ ላይ በጥምቀት ቀን ከእኩዮቿ ጋር እልል ብትል «ቶሎ ረሳችው» የሚላት ካለ፣ የሙታንን ትንሣኤ ተስፋ እናደርጋለን የሚለውን ጸሎተ ሃይማኖቱን ይድገም።